የእጅ መቆጣጠሪያው የሚጠይቀው ሰዓት

ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው እንበል። ቦታው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ተራራው የአዲስ አበባን መብራት በከፊል የሚከልልበት የሱሉልታ ሜዳ ነው። ጨረቃ የምትወጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰማዩ ጨልሟል። ወደ ምሥራቅ ፊቱን ያዞረ ሰው ኦሪዮንን ከነቀበቶው ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ዝቅ ብሎ በስተ ቀኝ ሲሪየስ ነጭ ሆኖ ይንቦገቦጋል፤ በስተ ግራ ደግሞ ከከዋክብቱ ሁሉ የሚደምቀው ጁፒተር ረግቶ ያበራል።

ሜዳው ላይ በሦስት እግሩ የቆመው ቴሌስኮፕ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። የመስተዋቱ ስፋት 203 ሚሊሜትር ነው፤ ከሰው ዓይን በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ጁፒተር ፊት ለፊቱ ቢሆንም ጁፒተር በየት በኩል እንዳለ ሊናገር አይችልም። በጥምዝምዝ ገመድ የተንጠለጠለው፣ የቤት ስልክ እጀታ የሚያህለው የእጅ መቆጣጠሪያ በትንሽ ቀይ መስኮቱ ላይ ጥያቄ አውጥቶ ይጠብቃል። የሚጠይቀው ቦታን፣ ሰዓትንና ቀንን ነው።

ሌላ አገር ያለ ተመልካች እነዚህን ጥያቄዎች ሳያስብ መልሶ ያልፋል። በኢትዮጵያ ግን ሰዓቱ የሚቆጠረው ከንጋት ነው፤ ዓመቱም 13 ወር አለው። ስለዚህ ጀማሪው ገና የመጀመሪያውን ቁልፍ ሲነካ ከሁለት የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ይቆማል። ይህ ንግግር የሚያተኩረው እዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ማሽኑ ኮከብ ማግኘት የሚችለው ሰውየው እውነተኛውን ሰዓት የነገረው ያህል ነው።

ነገሩ እንዲገባ መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። ቴሌስኮፑን ሁለት ሞተሮች ያንቀሳቅሱታል፤ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ። ሞተሮቹ ላይ ያሉት ቆጣሪዎች ቱቦው ከተነሣበት ስንት ዲግሪ እንደዞረ እየቆጠሩ ለመቆጣጠሪያው ያሳውቃሉ። መቆጣጠሪያው በበኩሉ የሰማይ አካላትን አድራሻ በማኅደሩ ይዟል፤ ኔክስስታር በሚባለው የሴሌስትሮን ቴሌስኮፕ ውስጥ 40,000 ያህል ናቸው። እንግዲህ የሰማዩን ካርታ ያውቃል፣ የራሱንም አንገት መዞር ያውቃል። የጎደለው የሁለቱ መገናኛ ነው። የአዲስ አበባን ካርታ በቃሉ የሸመደደ እንግዳ ዓይኑ ታስሮ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቢያቆሙት መርካቶ በየት በኩል እንደሆነ መናገር ያቅተዋል። አንድ ሰው «ያለኸው አራት ኪሎ ነው፣ ፊትህም ወደ ፒያሳ ነው» ካለው ግን ቀሪውን ራሱ ይጨርሳል።

ሰማዩ ደግሞ ከከተማ የሚለየው ዝም ብሎ ስለማይቆም ነው። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከዋክብት በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። 81 ጊዜ በሚያጎላ ሌንስ የሚታየው የሰማይ ክፍል ከሙሉ ጨረቃ ብዙም አይሰፋም፤ ሞተር ከሌለ ኮከቡ ከአንዱ ጠርዝ ገብቶ በሁለት ደቂቃ ተኩል ግድም በሌላው ይወጣል። ልጁን «ና እይ» ብሎ የጠራ አባት ልጁ እስኪደርስ ሳተርን ከሌንሱ አምልጦ ይጠብቀዋል። ሞተሩና መቆጣጠሪያው ይህን ድካም አስቀርተዋል። በቤት የሚያዝ ቴሌስኮፕ ራሱ ዞሮ እንዲፈልግ የማድረጉ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተጀምሮ፣ ሚድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልኤክስ200ን ካወጣ በኋላ በሰፊው ተዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ኦቶስታር የሚባለውን መቆጣጠሪያ በእጅ ከሚያዝ ትንሽ ቴሌስኮፕ ጋር አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ቦታን በተመለከተ ጭንቀት አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ግድም ላይ ናት፤ የእጅ ስልክም ቁጥሩን ያሳያል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሳሳት ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው ቴሌስኮፑ ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ ሲመጣ ነው። መቆጣጠሪያው የመጨረሻውን ቦታ አይረሳም፤ እዚህ ሲበራም ራሱን 39 ዲግሪ ሰሜን ላይ እንዳለ ይቆጥራል። ዋሽንግተን ላይ አልፋ ሴንታውሪ ከአድማስ በላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ በዓይን የሚታየውን ኮከብ መቆጣጠሪያው «አልወጣም» ይላል። የሰዓት ቀጠናውም እንዲሁ መቀየር አለበት፤ ለኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ቀድሞ ነው። «የበጋ ሰዓት ነው ወይስ መደበኛ?» የሚል ጥያቄም ይከተላል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በወቅት ስለማታዛውር መልሱ ምንጊዜም መደበኛ ነው። በአሜሪካና በእስራኤል የሚኖር ወገን ግን በበጋ ይህን ከረሳ ሰማዩ በ15 ዲግሪ ይዛነፍበታል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት በማሽኑ ቋንቋ 20:00፣ ወይም 8 ፒኤም ነው። ጀማሪው በእጁ ላይ እንዳነበበው 2:00 ብሎ ፒኤም የሚለውን ቢመርጥ፣ መቆጣጠሪያው ቀኑ ገና ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት እንደሆነ ይቀበላል። የ6 ሰዓት ልዩነት ሰማዩን 90 ዲግሪ፣ ማለትም ሩብ ዙር ያዞረዋል። በማሽኑ ሐሳብ ሲሪየስ ከምድር በታች ነው፤ በዚያ ሰዓት ከፍ ብሎ ያለው አልታይር ነው። አልታይርን ፍለጋ ቱቦውን ወደ ባዶ ሰማይ ያነሣል። ተመልካቹም መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያዝናል፤ የተበላሸ ግን የለም።

ቀኑ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጥር አምስተኛው ወር ስለሆነ ጥር 5 ቀን 2018 በቁጥር ሲጻፍ 5/5/2018 ይሆናል። መቆጣጠሪያው ወርን አስቀድሞ ቀንን አስከትሎ ስለሚቀበል ቁጥሩ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይገባለታል፤ የሚረዳው ግን እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2018 ብሎ ነው። ትክክለኛው ቀን ጃንዋሪ 13 ቀን 2026 ነበር። ከጃንዋሪ 13 እስከ ሜይ 5 ያለው 112 ቀን ነው፤ በየቀኑ ከዋክብት በ4 ደቂቃ ገደማ ቀድመው ስለሚወጡ ሰማዩ በ110 ዲግሪ ይሸሻል። በዚያ ስሌት መሠረት ኦሪዮን ወደ ምዕራብ ወርዷል፣ ሬጉለስ የተባለው ኮከብም አናት ላይ ነው። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ደግሞ ኦሪዮን በምሥራቅ ሲወጣ እያየ ነው።

አንድ ሌላ ስሕተት አለ፤ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪው እርሱ ነው። ጀማሪው ሰዓቱን አስተካክሎ፣ ወሩንና ቀኑን ወደ ጃንዋሪ 13 ለውጦ፣ ዓመቱን ብቻ 2018 እንዳለ ቢተወው ምን ይሆናል? ከዋክብቱ ከቦታቸው አይናወጹም ማለት ይቻላል። የምድር ዛቢያ ቀስ ብሎ ስለሚዋልል በ8 ዓመት ውስጥ የሚመጣው መዛባት ከጨረቃ ስፋት ሩብ አይሞላም። ሲሪየስን ሲጠይቁት ሲሪየስን፣ የኦሪዮንን ኔቡላ ሲጠይቁት ኔቡላውን ያመጣል፤ ሁሉ ነገር የሰመረ ይመስላል። ከዚያ ፕላኔት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ጁፒተርን ሲጠይቁት፣ ከአድማስ በታች ነው ብሎ ይመልሳል። ጁፒተር ፀሐይን የሚዞረው በ12 ዓመት ግድም ነው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 በሚዛን ምድብ ከዋክብት ዘንድ ነበር፣ በጃንዋሪ 2026 ግን መንትዮቹ ዘንድ ደርሷል። ሳተርንም እንዲሁ ያኔ በቀስተኛው ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ እርሱንም «አልወጣም» ይላል። ከዋክብት የማይንቀሳቀሱ፣ ፕላኔቶች ደግሞ ተንከራታች መሆናቸውን የጥንት ሰዎች በየሌሊቱ ሰማይን በማየት ተረድተውት ነበር። በአንዲት የተሳሳተች ቁጥር ምክንያት ይኸው እውነት በቀይዋ መስኮት ላይ ተጽፎ ይወጣል።

ባሕረ ሐሳብን ያወረሰ፣ በዓላቱን በፀሐይና በጨረቃ ስሌት አስማምቶ የኖረ አገር የዘመን ልዩነትን ማስላት አይከብደውም። ዘመን ቆጣሪዎቹ የቦረና አያንቱዎችም ጨረቃ ከፕሌያዲስ፣ ከአልዴባራን፣ ከኦሪዮንና ከሲሪየስ ጋር በምትገናኝበት ሌሊት ወሩን ይለዩ እንደነበር የገዳ ሥርዓትን ያጠኑ ምሁራን መዝግበዋል። በዚህ ንግግር አቅራቢ እምነት ቴሌስኮፕ ለኢትዮጵያ ተማሪ ሲሰጥ መጀመሪያ ሊሰጠው የሚገባው ትምህርት የሌንስ ሕግ አይደለም፤ ጥር 5 ለምን ጃንዋሪ 13 እንደሚሆን ነው።

ሰዓቱና ቀኑ ከገቡ በኋላ ማሽኑ ዓይኑ እንዲገለጥለት ኮከብ ያስፈልገዋል። አሠራሩ ብዙ ዓይነት ነው፤ ለጀማሪ የሚቀናው ስካይአላይን የሚባለው ነው። ተመልካቹ የከዋክብቱን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም። ሦስት ደማቅ ነገሮችን ይመርጣል፣ አንዱ ካንዱ ይራቅ፣ ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ አይደርደሩ። በሱሉልታው ምሽት በምሥራቅ ሲሪየስን፣ በሰሜን ምሥራቅ ካፔላን፣ በደቡብ አኬርናርን መያዝ ይቻላል። በቀስት ቁልፎቹ ቱቦውን ወደ ሲሪየስ ያዞራል፣ በማነጣጠሪያው መሐል ያደርገዋል፣ ኢንተር ይላል፤ በሌንሱ መሐል ያስተካክለዋል፣ አላይን ይላል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ። መቆጣጠሪያው በዚህ ጊዜ የሚለካው ሞተሮቹ ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ስንት ዲግሪ እንደዞሩ ነው። ከሲሪየስ እስከ ካፔላ 66 ዲግሪ፣ ከሲሪየስ እስከ አኬርናር 69፣ ከካፔላ እስከ አኬርናር 113 ያህል ያገኛል። ከዚያ በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ቦታ ከአድማስ በላይ ሊኖሩ የሚገባቸውን ደማቅ አካላት እርስ በርሳቸው እያነጻጸረ ይህን ሦስት ማዕዘን የሚሞሉት የትኞቹ እንደሆኑ ይፈልጋል። ሲገጥምለት ተሳክቷል ብሎ ይጽፋል። ጁፒተርም ከሦስቱ እንደ አንዱ ሊያገለግል ይችላል፤ ያኔ ግን ዓመቱ የግድ ትክክል መሆን አለበት።

የቀስት ቁልፎቹ አያያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፍጥነቱ ከ1 እስከ 9 ይለካል። በ9 ቱቦው በሰከንድ ጥቂት ዲግሪ እየሮጠ ሰማዩን ያቋርጣል፤ በሌንስ ውስጥ ኮከብን ለማስተካከል ወደ 4 ወይም 3 መውረድ ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪ በ9 ሆኖ ኮከቡን መሐል ለማድረግ ሲታገል ኮከቡ ከጥግ ጥግ ይዘልበታል። ሌላም ችግር አለ። በሞተሮቹ ጥርሶች መካከል ጥቂት ክፍተት ስላለ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ሞተሩ ጥቂት በባዶው ዞሮ ነው ቱቦውን የሚይዘው፤ መሪው የላላ አሮጌ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስለዚህ የአምራቹ መመሪያ ኮከቡ ወደ መሐል ሲገባ የመጨረሻው እንቅስቃሴ ሁልጊዜ በላይና በቀኝ ቀስቶች ብቻ ይሁን ይላል። ጥርሶቹ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ከተነካኩ ልኬቱ አይዋሽም። ይህን ትንሽ ልማድ የያዘና ያልያዘ ሰው በአንድ ዓይነት ቴሌስኮፕ ፍጹም የተለያየ ውጤት ያገኛሉ።

በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ደግሞ መጠንቀቅ የሚያስፈልግ ሌላ ነገር አለ፤ አናት። ቱቦው ልክ ወደ አናት ሲያይ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ሞተር ትርጉም ያጣል፤ ኮከቡ በአናት ሲያልፍም ሞተሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ብዙ ዲግሪ መሮጥ ይኖርበታል። ስለዚህ አናት አጠገብ ያለ ኮከብ ለማስተካከያ አይመረጥም። አልታይር በአዲስ አበባ ላይ፣ ሬጉለስ በላሊበላ ላይ፣ አናት ለአናት ማለት በሚቻል ሁኔታ ያልፋሉ። በዚህ በጥር ምሽትም ቤተልጌውስ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲቃረብ ከአናት በ2 ዲግሪ ውስጥ ይደርሳል። ለአውሮፓ አንባቢ የተጻፈ መመሪያ እነዚህን ከዋክብት ያለ ማስጠንቀቂያ ይመክራል፤ እዚያ አናት ላይ አይወጡምና።

ለወገብ ቅርብ መሆን ግን የሚሰጠው ስጦታ ከዚህ ችግር እጅግ ይበልጣል። የሰሜኑ ኮከብ በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ብዙ ጊዜ ከተራራና ከሕንፃ ጀርባ ይደበቃል፤ እርሱን ዒላማ አድርጎ የሚተከል ቴሌስኮፕ ይቸገራል፤ በከፍታና በአቅጣጫ የሚዞረው ይህ ባለ ኮምፒዩተር ግን ያለ እርሱ ይሠራል። በአንጻሩ የደቡቡ ሰማይ እስከ 81 ዲግሪ ድረስ ክፍት ነው። ብሪታንያዊው ፓትሪክ ሙር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው፣ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ካልድዌል ተብሎ የተጫነው ዝርዝር 109 አካላትን ከሰሜን ጫፍ ጀምሮ እስከ ደቡብ ጫፍ ይደረድራል። አዘጋጁ በእንግሊዝ ቤታቸው ሆነው የዝርዝሩን የታችኛውን ክፍል ማየት አይችሉም ነበር። ከአዲስ አበባ ግን የመጨረሻዎቹ አድማሱን እየታከኩም ቢሆን ዝርዝሩ ከሞላ ጎደል ሁሉ ይወጣል። በግንቦት ምሽት 80 ቁጥርን ያስገባ ሰው ኦሜጋ ሴንታውሪን ያገኛል፤ በ17,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ፣ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት የታጨቁበት ክብ ዘለላ ነው። በእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመሩት፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለቱ ቴሌስኮፖች የቆሙት ለዚሁ ሁለቱንም ንፍቀ ክበብ ለሚያሳይ ሰማይ ነው።

ቁልፎቹ ላይ የተጻፉት ፊደላት የሰዎች ድካም ማኅተም ናቸው። ኤም የሚለው ቻርልስ ሜሲየርን ያመለክታል፤ በ18ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ ጅራታም ኮከብ ሲያድን የኖረ ሰው ነው። ጅራታም የሚመስሉ፣ ግን ከቦታቸው የማይነቃነቁ ጉም መሰል ነገሮች እያሳሳቱ ስላስቸገሩት ደግሞ እንዳያታልሉት መዘገባቸው። እ.ኤ.አ. በ1781 ዝርዝሩ 103 ደረሰ፤ ዛሬ 110 ይቆጠራል። ያገኛቸው ጅራታም ከዋክብት ተረሱ፤ ሊሸሻቸው የጻፋቸው ግን የዓለም ተመልካች ሁሉ የሚፈልጋቸው ሆኑ። ኤንጂሲ የሚለው ደግሞ ድሬየር የተባለው ዴንማርካዊ በአየርላንድ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1888 ያሳተመው 7,840 አካላት ያሉበት መዝገብ ነው፤ መሠረቱን የጣሉት ዊልያም ኸርሼል፣ እኅቱ ካሮላይንና ልጁ ጆን ናቸው። በሱሉልታው ምሽት ኤንጂሲ 253 ብሎ የጠየቀ ሰው ቱቦው ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲዞርለት ያያል። ካሮላይን ይህን ጋላክሲ እ.ኤ.አ. በ1783 እንግሊዝ ሆና ያገኘችው ከአድማስ ብዙም ሳይነሣ፣ በወፍራሙ አየር ውስጥ ነበር። ሱሉልታ ላይ በዚያች ሰዓት ከ40 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሏል፤ የዛሬው ጀማሪ ካገኘችው ሴት በተሻለ ሰማይ ያየዋል።

ምን ይታያል ለሚለው ጥያቄ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ብዙ ቴሌስኮፖች መጋዘን የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነውና። በጋዜጣና በስልክ ላይ የሚታየው ቀይና ሰማያዊ ኔቡላ ካሜራ ለረጅም ሰዓት ያጠራቀመው ብርሃን ነው። ኤም 42፣ የኦሪዮን ኔቡላ፣ በዓይን ሲታይ እንደ ጭስ የተዘረጋ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ክንፍ ነው፤ መሐሉ ላይ አራት ጥቃቅን ከዋክብት ተጠጋግተው ይታያሉ። ያ ብርሃን የተነሣው ከ1,300 ዓመት በፊት ነው። በደንብ ለማየት ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያም ነገሩን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ትኩር ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ደካማ ብርሃን የሚቀበሉት የዓይን ሕዋሳት ከመሐል ይልቅ ዳር ዳር ያሉት ናቸው። የመቆጣጠሪያው መስኮት ቀይ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ እነዚያ ሕዋሳት ቀይ ብርሃንን እምብዛም አይሰሙትም። በዚህ መሐል አንድ ሰው የስልኩን መብራት ካበራ የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት በአንድ ሰከንድ ይጠፋል። ሳተርንም በሱሉልታው ምሽት ጠባዩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ቀለበቱ ከጎኑ ስለዞረልን፣ በዚያ ጥር ሰፊ ሳህን ሳይሆን ኳሱን የወጋ ቀጭን መስመር ሆኖ ነው የሚታየው።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፤ ፀሐይ። ብዙ መቆጣጠሪያዎች ፀሐይን ከዝርዝራቸው ደብቀው ነው የሚሸጡት፤ በልዩ ሜኑ ካልተፈቀደች አትወጣም። ይህን አምራቾቹ ያደረጉት ያለ ትክክለኛ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ያየ ዓይን ወዲያው ስለሚታወር ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ያ ሜኑ እንደተዘጋ ይቆይ።

የባትሪውም ነገር ችላ አይባልም። ስምንት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚወስደው ዓይነት በእንጦጦ ብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ሲደክምም ቱቦው ያለ ምክንያት ይቃዣል፣ የተስተካከለውን ይረሳል። ከ12 ቮልት ምንጭ፣ ለምሳሌ ከመኪና ባትሪ ማገናኘት ይሻላል።

በዚህ መሣሪያ ላይ የቆየ ክርክር አለ። ሰማይን በካርታና በዓይን ብቻ ከኮከብ ወደ ኮከብ እየተንደረደሩ የተማሩ ሰዎች፣ ማሽኑ ስንፍናን ያስተምራል፣ አንድ ሺህ አካላት አይቶ አንዱን እንኳ በጣቱ የማያሳይ ተመልካች ያፈራል ይላሉ። ወቀሳቸው ሐሰት አይደለም። ሆኖም በከተማ መብራት ውስጥ የሚኖር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ለማደር ሥራው የማይፈቅድለት ሰው በካርታ አንድ ጋላክሲ ሲፈልግ ሁለት ሰዓት አጥፍቶ ሳያገኝ ከተመለሰ ዳግመኛ አይወጣም። አማካዩ መንገድ ብዙ አይከብድም። ማሽኑ ወዳገኘው ነገር ሲዞር ተመልካቹ ዓይኑን ሌንሱ ላይ ከማድረጉ በፊት ቱቦው የሚያመለክትበትን ሰማይ በባዶ ዓይኑ ይይ፤ ኤም 31 ካሲዮፒያ አጠገብ፣ ኤም 42 ከኦሪዮን ቀበቶ በታች መሆኑን በጣቱ ያመልክት። በመቆጣጠሪያው ላይ ቱር የሚል ቁልፍ አለ፤ ለወሩ የሚሆኑ ብዙ ነገሮችን አከታትሎ ያሳያል። ለመጀመሪያ ሌሊት ግን አራት ወይም አምስት ነገር መርጦ በእያንዳንዱ ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ይሻላል። ኢንፎ የሚለውን ቁልፍ ሲነኩት ስለ ዕቃው ርቀትና ስፋት አጭር ጽሑፍ ይወጣል፤ ሌንሱ ላይ ያለው ሰው ሲያይ ሌላው ያንብብለት።

ወደ ሱሉልታው ሜዳ እንመለስ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጁፒተርን የጠየቀ ተመልካች፣ ዓመቱን 2026 ብሎ አስገብቶ ከሆነ፣ ቱቦው ቀስ ብሎ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቆማል። በሌንሱ ውስጥ ጠፍጠፍ ያለ ብሩህ ክብ፣ በላዩ ሁለት ደብዛዛ ቀበቶዎች፣ በግራና በቀኙም በአንድ መስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች፣ ማለትም ጨረቃዎቹ፣ ይታያሉ። ጋሊሊዮ በፓዱዋ ሆኖ በእጁ በሠራው ቱቦ እነዚህን ነጥቦች መጀመሪያ ያየው ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ነው፤ ያኔ ሦስት ነበሩ። በየምሽቱ እየተመለሰ ቦታቸውን በወረቀት ላይ ሣለ። አራተኛዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጃንዋሪ 13 ቀን ነበር፤ ይህ ምሽት ልክ 416 ዓመት ሞላው ማለት ነው። ተመልካቹ የነጥቦቹን ቦታ በደብተሩ ላይ ይሣል፣ ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር አጠገቡ ይጻፍ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 20:00። ከዚያ ሌሎቹን እየዞረ ይመልከት። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ጁፒተርን ዳግም ሲጠይቅ ቱቦው ከበፊቱ በእጅጉ ወደ ላይ ይነሣል። አዮ የምትባለው ጨረቃ ጁፒተርን በ42 ሰዓት ተኩል ስለምትዞር፣ ከፕላኔቱ ፊት ወይም ኋላ ካልተሰወረች በስተቀር በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ውስጥ ከቦታዋ ፈቀቅ ማለቷ በሥዕሉ ላይ ይለያል። ሞተሩ እየተከተለ ጁፒተርን መሐል ያቆየዋል፤ ሁለተኛው ሥዕል ከመጀመሪያው ሥር ይሣላል፣ አጠገቡም ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ 23:00 ተብሎ ይጻፋል።